ጋውስ፣ ቴስላ፣ ኦርስቴድ፦ የማግኔት መለኪያ ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ወረቀት ተዘርግቷል። ሦስቱም ስለ ማግኔት ነው የሚያወሩት፤ ግን እርስ በርስ አይግባቡም። አንዱ ጥቁሩን ክብ የስፒከር ማግኔት፣ ፌራይቱን፣ ይገልጻል። ደረጃው ዋይ 30 ነው፤ ቁጥሮቹ በሚሊቴስላና በኪሎ አምፔር በሜትር ተጽፈዋል። ሁለተኛው ከሳንቲም ትንሽ ተለቅ ከሚሉት ብርማ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ጋር የመጣ ነው። ደረጃው ኤን 35፣ ቁጥሮቹ በኪሎጋውስና በኪሎ ኦርስቴድ። ሦስተኛው የሴንሰር ወረቀት ሲሆን ሚሊቮልት በጋውስ ይላል። በዚህ ላይ የስልኬ ኮምፓስ የሚያሳየው በማይክሮቴስላ ነው።

ሥራዬ ስፒከር መጠገን ነው። ደንበኛ "ማግኔቱ ደክሞ ይሆን እንዴ?" ሲለኝ እስከ ዛሬ መልሴን የማገኘው ከመፍቻ ነበር። መፍቻውን ጠጋ አደርጋለሁ፤ ጥብቅ አድርጎ ከያዘው "ደህና ነው" እላለሁ። ይሄ መልስ አይደለም። በቁጥር መመለስ እፈልጋለሁ። ስለዚህ መለኪያ ልሠራ ነው፤ የሥራውንም ሂደት እዚህ እጽፋለሁ።

ዛሬ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። የፌራይቱ ወረቀት ላይ ማግኔቱ መስኩን እንዳይነጠቅ የሚቋቋምበት አቅም ከ175 ጀምሮ ተጽፏል። የኒዮዲሚየሙ 10.9 ነው። ሳላስብ "ፌራይቱ ይበልጣል" ብዬ ነበር። ግን 175ቱ ኪሎ አምፔር በሜትር ነው፣ 10.9ኙ ኪሎ ኦርስቴድ። ወደ አንድ ቋንቋ ሳመጣቸው ፌራይቱ 2.2 ኪሎ ኦርስቴድ ሆነ። በሌላው አቅጣጫ ብሄድ ደግሞ የኒዮዲሚየሙ ወደ 868 ኪሎ አምፔር በሜትር ነው። አምስት እጥፍ ገደማ! ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው የሚረዳው።

ደብተሬ ላይ ይህን ጻፍኩ። 1 ቴስላ 10,000 ጋውስ ነው። ስለዚህ 1 ጋውስ 0.1 ሚሊቴስላ፣ ወይም 100 ማይክሮቴስላ ይሆናል። የመሬትን መስክ የሚለኩ ሰዎች የድሮ መዝገባቸው ላይ "ጋማ" የሚሉት 1 ናኖቴስላ ነው። ከዚያ ወፍራም መስመር አሰመርኩ። ከመስመሩ በታች፦ 1 ኦርስቴድ 79.577 አምፔር በሜትር ነው፤ 1000ን ለ4 ፓይ ስናካፍል የሚገኘው ቁጥር።

መስመሩን ያሰመርኩት በምክንያት ነው። ከላይ ያሉት "ቢ" የሚባለውን ይለካሉ፤ በቦታው በእርግጥ ያለውን መስክ። ከታች ያሉት "ኤች" የሚባለውን ይለካሉ፤ በሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ የሚያሳድረውን ግፊት። ከላይ ወደ ላይ፣ ከታች ወደ ታች መቀየር ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። መስመሩን ለመሻገር ግን ቦታው ላይ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፦ አየር ነው ወይስ ብረት?

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሴንሰሩ ኤስኤስ 49ኢ ይባላል። ሦስት እግር ያለው፣ ከምስር ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው። የሚሠራው ኤድዊን ሆል በ1879 እ.ኤ.አ. ባገኘው ክስተት ነው፦ ኤሌክትሪክ በሚሄድበት ስስ ነገር ላይ ማግኔት ሲጠጋ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። 5 ቮልት ስሰጠው፣ ማግኔት በሌለበት 2.5 ቮልት አካባቢ ይቆማል። አንዱ ዋልታ ሲጠጋ ይወጣል፣ ሌላው ሲጠጋ ይወርዳል። ወረቀቱ በየጋውሱ 1.4 ሚሊቮልት ይላል።

ኮድ ከሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ከአርዱዊኖ፣ ጋር አገናኘሁት። ወዲያው አንድ ችግር ታየኝ። አርዱዊኖ 5 ቮልቱን በ1024 ደረጃ ነው የሚከፋፍለው። አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በጋውስ ሲሰላ 3.5። ከዚያ ያነሰ ለውጥ አይታየውም ማለት ነው። ለትልልቅ ማግኔት ይበቃ ይሆናል፣ ለማስተካከያ ሥራ ግን አይሆንም። መሳቢያ ውስጥ ኤዲኤስ 1115 የሚባል፣ ቮልቴጅን በደቃቅ ደረጃ ወደ ቁጥር የሚቀይር ቦርድ ነበረኝ፤ እሱን መሃል አስገባሁ። አሁን አንዱ ደረጃ 0.1875 ሚሊቮልት፣ ማለትም 0.13 ጋውስ ሆነ።

ቀጥሎ ስህተት። አንድ ደካማ የፍሪጅ ማግኔት ሳስጠጋ ስክሪኑ 5000 ሚሊቴስላ አለኝ። 5 ቴስላ! ሆስፒታል ውስጥ ሰው ገብቶ የሚነሳበት ኤምአርአይ እኮ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። የወረቀት መያዣ ማግኔት ከእሱ ሊበልጥ አይችልም። ኮዱን ሳየው ጋውሱን ወደ ሚሊቴስላ ስቀይር ለ10 ማካፈል ሲገባኝ በ10 አባዝቻለሁ። ትክክለኛው 500 ጋውስ፣ ማለትም 50 ሚሊቴስላ ነበር። አንዷ ምልክት መቶ እጥፍ አሳሳተችኝ።

ከዚህ በኋላ ለኮዱ አንድ ሕግ አወጣሁ። ውስጥ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ ቴስላ ይሆናል፤ ሌላ ነገር የለም። ወደ ጋውስም ሆነ ወደ ሚሊቴስላ የሚቀየረው ስክሪን ላይ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው። ኮዱ ውስጥ ቁጥር የሚይዝ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ስሙ ላይ መለኪያው ተጽፎበታል። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ካለ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እንዲያደርግ እመክራለሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ሴንሰሩ 1.4 ይላል እንጂ በእርግጥ 1.4 መሆኑን ማን አየ? ወረቀቱም ቢሆን አማካዩን ነው የሚሰጠው። የእኔው ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ አላውቅም። ስለዚህ መጠኑን በስሌት የማውቀው መስክ መፍጠር አለብኝ። ለዚህ ጥሩው መንገድ የሄልምሆልትዝ ጥቅል ነው። ሁለት እኩል ቀለበት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከራዲየሳቸው ጋር እኩል። መሃላቸው ላይ ያለው መስክ እኩል የተሰራጨ ነው፤ መጠኑም በሜትርና በአምፔር ብቻ ይሰላል።

ሽቦ ፍለጋ ሞተር ወደሚጠቀልሉ አንድ አባት ሱቅ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ዜሮ ነጥብ አምስት ሽቦ ሩብ ኪሎ ይኖርዎታል?"

"ለምን ዓይነት ሞተር ነው ልጄ?"

"ለሞተር አይደለም። ሁለት ቀለበት ልጠቀልልበት ነው።"

"ስንት ስንት ዙር?"

"መቶ መቶ።"

ሽቦውን እየመዘኑ ቀና ብለው አዩኝ። "መጠቅለሉ አያደክምህም። የሚያደክምህ ቆጠራው ነው። በየአሥሩ ምልክት አድርግ፤ ሰው ቢጠራህም አትነሳ።"

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ውጪው 20 ሳንቲሜትር ከሆነ የፒቪሲ ቱቦ ሁለት ቀለበት ቆረጥኩ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ሽንብራ በእፍኟ ይዛ፣ እኔ አሥር ዙር በጨረስኩ ቁጥር አንድ ሽንብራ ጣሳ ውስጥ ትጥላለች። ኳ! ሌላ አሥር፣ ኳ! አሥር ሽንብራ ሲሞላ አንድ ቀለበት አለቀ። ሁለተኛው ላይ ሽቦው እጄን አምልጦ ሦስት ዙር ተፈታ። እንደገና ጠቀለልኩት። በአራት ድርብርብ ስለተኛ ከመሃል እስከ ጥቅሉ አማካይ ድረስ 10.1 ሳንቲሜትር ሆነ። ቱቦውን ሳይሆን ይህን ነው በስሌቱ የምጠቀመው። የሽቦውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፤ ቫርኒሹ ካልወጣ ሶልደር አይዝም።

ቀለበቶቹን እንጨት ላይ በ10.1 ሳንቲሜትር ርቀት አቆምኳቸው። ብሎኖቹ የናስ ናቸው። የብረት ብሎን አጠገቡ ካለ ስሌቱን ያበላሸዋል።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ፓወር ሰፕላዩን 1 አምፔር ላይ አስሬ አበራሁ። ሴንሰሩ መሃል ላይ ነው። ምንም! ቁጥሩ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ቴስተር አወጣሁ፤ የሽቦው ሬዚስታንስ 11 ኦም ገደማ ነው፣ ልክ ነው። ኤሌክትሪኩም ይሄዳል፣ ቀለበቱ ሞቅ ብሏል። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንዱ ቀለበት ተገልብጦ ነበር የተያያዘው። አንዱ ወደ ቀኝ ሲገፋ ሌላው ወደ ግራ፣ መሃል ላይ ተጣፉ። ሽቦውን ገለበጥኩና ሴንሰሩ ነቃ።

አሁን ስሌቱ። የዙሩን ብዛት 100ን በ1 አምፔር፣ ከዚያ በ0.7155 (የሄልምሆልትዝ ጥቅል ቋሚ ቁጥር) አባዝቼ ለ0.101 ሜትር ሳካፍል 708 አምፔር በሜትር ይመጣል። ይሄ ኤች ነው። ለ79.577 ሲካፈል 8.9 ኦርስቴድ። ወደ ቢ ለመሻገር በ0.0000012566 ይባዛል፤ የባዶ ቦታ ቋሚ ቁጥር ነው። 0.00089 ቴስላ፣ ማለትም 8.9 ጋውስ። አየር ውስጥ ኦርስቴዱና ጋውሱ አንድ ዓይነት ቁጥር እንደሰጡ ልብ በሉ። ብዙ ሰው "ጋውስና ኦርስቴድ አንድ ነው" የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

የመሬት መስክም አለ። አዲስ አበባ ላይ 36 ሺህ ናኖቴስላ ገደማ ነው፤ 36 ማይክሮቴስላ፣ 0.36 ጋውስ። ስልኬ ግቢ ውስጥ ሜዳው ላይ 36 እና 37 መካከል ያሳያል። የብረት እግር ያለው ጠረጴዛዬ ላይ ሳስቀምጠው ግን ሌላ ቁጥር ነው የሚለው። አገራችን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች መስኩ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤ እንደ አውሮፓ ወደ መሬት አያዘቀዝቅም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ፣ ከ1958 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ይህን መስክ ሲመዘግብ የኖረው በከንቱ አይደለም። ቀን ቀን ከላያችን በከፍታ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ጅረት ቁጥሩን በአሥሮች፣ አንዳንዴም በመቶ ናኖቴስላ ያነሳዋል። መቶ ናኖቴስላ 0.001 ጋውስ ነው። የእኔ መለኪያ አንዷ ደረጃ ከዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ትሰፋለች። እነሱ የሚሠሩትን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል።

የመሬትን መስክ ከስሌቴ ለማውጣት ቀላል ዘዴ አለ። አንዴ ኤሌክትሪኩን ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አድርጎ ልዩነቱን መውሰድ ነው። ጥቅሉ ይገለበጣል፤ መሬት ግን አትገለበጥም፤ ስለዚህ ራሷን ታጠፋለች። የሚጠበቀው ልዩነት 17.8 ጋውስ ነው። በየአቅጣጫው ሁለት መቶ ጊዜ አንብቤ አማካዩን ወሰድኩ። ልዩነቱ 29.1 ሚሊቮልት ወጣ።

29.1 ለ17.8፣ 1.635 ሚሊቮልት በጋውስ። 1.4 አይደለም!

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው። በ1.4 ብሠራ ኖሮ ንባቤ ሁሉ 17 በመቶ ያህል ይጋነን ነበር።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ለገና ስፒከሩን የሚያስጠግነው ሰው ስለበዛ ዛሬ ማታ ብቻ ነው ጊዜ ያገኘሁት። አንድ ነገር ግን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

የአሥር ሳንቲሜትር የብረት ብሎን ወሰድኩ። ጫፉን ጥቅሎቹ መሃል፣ ሴንሰሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው አደረግኩት። ኤሌክትሪኩ ያው 1 አምፔር ነው፤ ጥቅሉ የሚገፋው 708 አምፔር በሜትርም ያው ነው። ስክሪኑ ግን ከ9 ተነስቶ 60 ጋውስን አለፈ። ብሎኑን ሳወጣ ወደ 9 ተመለሰ። ስመልሰው እንደገና ወጣ። የእህቴ ልጅ "ብሎኑ ባትሪ አለው?" አለችኝ። ባትሪ የለውም፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ግፊቱን ሰምተው ተሰለፉ እንጂ።

ኤሌክትሪኩን ሳጠፋ ደግሞ ቁጥሩ ዜሮ አልገባም። 4 ጋውስ ገደማ ብሎኑ ላይ ቀረ። ጥቅሉ ምንም አይገፋም፤ መስኩ ግን አለ። ማግኔት ማለት ይኼው አይደል?

ስለዚህ "8.9 ኦርስቴድ ስንት ጋውስ ነው?" ለሚል ሰው መልሱ "የት?" የሚል ጥያቄ ነው። አየር ላይ 8.9። ብረት ካለ ብረቱን መጠየቅ ነው። ይህን ግራ መጋባት ያወረሱን ሰዎችም ራሳቸው ተቸግረውበታል። ጋውስ የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ ለሁለቱም ነገር ያገለግል ነበር። በ1930 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለይቶ ቢን ለጋውስ፣ ኤችን ለኦርስቴድ ሰጠ። ኦርስቴድ በ1820 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሽቦ የኮምፓስ መርፌን እንደሚያዞር ያየው የዴንማርክ ሰው ነው፤ ግፊቱ በስሙ መጠራቱ ተገቢ ነው። ቴስላ ደግሞ በይፋ የገባው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የማግኔት ነጋዴዎች ግን እስከ ዛሬ ከጋውስና ከኦርስቴድ አልተላቀቁም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ዋናው ቀን። ኒዮዲሚየሙ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ወረቀቱ ላይ 11.8 ኪሎጋውስ ስላለ ፊቱ ላይ 11,800 የሚነበብ ይመስላል። አይደለም። ያ ቁጥር ማግኔቱ ውስጥ፣ መንገዱ ዙሪያውን በብረት ቢዘጋለት የሚቀረው መስክ ነው። በዚህ ቅርጽ ፊቱ መሃል ላይ በስሌት 2,640 ጋውስ አካባቢ ነው የሚገኘው። የእኔ ሴንሰር ደግሞ 1,000 አካባቢ ሲደርስ ይጠግባል፤ ከዚያ በላይ አያሳይም። ስለዚህ ከርቀት መለካት አለብኝ።

ርቀቱን እንዴት በትክክል ልያዝ? መስታወት ሠሪ ዘንድ ሄጄ የ5 ሚሊሜትር መስታወት ሁለት ቁራጭ አመጣሁ። መስታወት ማግኔትን አይነካካም። በካሊፐር ስለካው ግን 5 የተባለው 4.8 ነው። ሁለቱ 9.6። የሴንሰሩ ዓይን ያለው ቆዳው ላይ ሳይሆን ውስጥ ነው፤ ለዚያ 0.8 ጨመርኩ። በድምሩ 10.4 ሚሊሜትር። እዚህ ርቀት ላይ አንድ ሚሊሜትር ብሳሳት 100 ጋውስ ገደማ ስለሚለወጥ ይህን ያህል መጨነቄ ያለ ነገር አይደለም።

ማግኔቱን አስቀመጥኩ። 1,141 ሚሊቮልት ከመነሻው ተነሳ። ለ1.635 ሳካፍል 698 ጋውስ፣ 69.8 ሚሊቴስላ። ከዚህ ወደኋላ ሄጄ የማግኔቱን የራሱን መስክ ሳሰላ 1.185 ቴስላ መጣ። በጋውስ 11,850። ወረቀቱ 11.8 ኪሎጋውስ ይላል። ብድግ አልኩ!

አሁን በወረቀቱ 1.4 ሄጄ ቢሆን ኖሮስ? 815 ጋውስ። ወደ 1.38 ቴስላ። ያ የኤን 48 ቁጥር ነው። በኤን 35 ገንዘብ ኤን 48 ገዛሁ ብዬ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር። ወይም፣ ከዚያ የባሰ፣ እንደዚያ ብዬ ለሰው እሸጥ ነበር።

በነገራችን ላይ 35 ማለት የማግኔቱ ከፍተኛ ጉልበት በሜጋ ጋውስ ኦርስቴድ ነው፤ ቢና ኤች ተባዝተው። በ7.958 ሲባዛ ወደ 279 ኪሎጁል በኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። የፌራይቱ ወረቀት በዚሁ መለኪያ ከ26 እስከ 30 ይላል። ትንሹ ኒዮዲሚየም የትልቁን ጥቁር ቀለበት ሥራ የሚሠራበት ምክንያት ይኼ አሥር እጥፍ ጉልበት ነው።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

መለኪያውን ሳጥን ውስጥ አስገባሁት። ሴንሰሩን በስስ የእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ በኮላ ለጠፍኩት። ጎኑ ላይ መምረጫ አለ፦ ጋውስ፣ ሚሊቴስላ፣ ማይክሮቴስላ፣ ከዚያ ኦርስቴድና አምፔር በሜትር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ላውጣቸው ወይስ ልተዋቸው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ሴንሰሩ የሚለካው ቢን ብቻ ነውና። ተውኳቸው፤ የወረቀቶቹን ቋንቋ ለማንበብ ይጠቅማሉ።

አንድ ነገር ይቀራል። የስፒከር ድምፅ የሚወጣው ጥቅሉ በሚንቀሳቀስባት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው፤ መስኩ እዚያ 1 ቴስላ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የእኔ ሴንሰር ለእሷ ይወፍራል፤ ቢገባም ይጠግባል። ከገና በኋላ ሰፊ መጠን የሚችል ስስ ሴንሰር እፈልጋለሁ። እስከዚያ የፌራይት ቀለበቶችን ከውጭ፣ በሁለቱ መስታወት ርቀት እየለካሁ ጤነኛውን ከደከመው አወዳድራለሁ። ዛሬ ጠዋት አንድ ደንበኛ ያመጣቸውን ጥንድ ስፒከሮች ለካሁ። አንዱ 212 ጋውስ፣ ሌላው 209። "ማግኔቱ ደህና ነው፤ ያረጀው የስፒከሩ የሚርገበገበው ወረቀት ነው" አልኩት፤ ቁጥሩንም አሳየሁት።

ሳጥኑ ላይ ጽሑፉን የእህቴ ልጅ ናት የጻፈችው። ከኦርስቴድና ከአምፔር በሜትር ሥር በቀይ እስክሪብቶ፣ ትልልቅ አድርጋ፦ ለአየር ብቻ።